የጥብቅና ሙያ የማን አገልጋይ ነው?

ሙያ ሁሉ ከኅብረተሰቡ የኑሮ ትግል የተወለደ እንደመሆኑ፣ የጥብቅና ሙያም የሚመዘነው በካባው ግርማና በአንደበት ርቱዕነት ሳይሆን ለሠርቶ አደሩ በሚያስገኘው ፍትሕ ነው። አለዚያ ሕግ ገንዘብ ላለው ጋሻ፣ ለሌለው ግን ግንብ ሆኖ ይቀራል።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር የገበሬ ማኅበራት፣ የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ደግሞ የከተማ ቀበሌዎች የራሳቸው የፍርድ ሸንጎ እንዲኖራቸው ማድረጋቸው ይታወሳል። ዳኝነት ወደ ሰፊው ሕዝብ ቀረበ። ነገር ግን የዳኛው መቅረብ ብቻውን የተከራካሪዎችን አቅም እኩል አያደርግም።

ይህን በራያ ቆላ እንመልከተው። ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት የቆቦ ሜዳ ለገበሬው የሕይወቱ መሠረት ነው። የደም ነገር ሲነሣ የዘወልድ ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፤ ይህም ሊከበር የሚገባው የሕዝብ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በባህል ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ መሆኑን፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በመሬትና በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋን የባሏ ወገኖች ቢገፏት መብቷ በወረቀት ላይ አለ። ቆቦ ላይ ብታሸንፍም ባለጋራዋ ይግባኝ ብሎ ወልድያ ድረስ ይጎትታታል። ያኔ ማን ይቁምላት?

አንቀጽ 20 አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል፤ ይህ ግን ለወንጀል ክስ ነው። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ድኃውን ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ያደርገዋል እንጂ ተከራካሪ አያቆምለትም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ማገልገልን ግዴታ ያደረገው ይህን ክፍተት በመገንዘብ ነበር። ሃምሳ ሰዓት በዓመት ከአንድ ሳምንት ሥራ ብዙም አይበልጥም፤ ለአንዲት ባለማሳ ግን የዓመት እህል ነው።

በመሆኑም የጠበቃ ግዴታ ግልጽ ነው። የደንበኛውን ምሥጢር ይጠብቃል፤ ለፍርድ ቤት አይዋሽም፤ ጉዳዩ የማያዋጣ ሲሆን ገና ከጅምሩ እውነቱን ይናገራል እንጂ በቀጠሮ ብዛት ኪሱን አያደልብም። ነገርን ማራዘም ሙያ አይደለም፤ ብዝበዛ ነው።

ኃላፊነቱ ግን የጠበቃው ብቻ አይደለም። የቀበሌ ነዋሪውና ሠራተኛው መብቱን ይወቅ፤ የመሬት ደብተሩንና የጋብቻ ማስረጃውን በጥንቃቄ ይያዝ፤ ያልገባውን ማመልከቻ አይፈርም፤ ለከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ ይጠይቅ። ጠበቃው ለድኃው ሲቆም፣ ሕዝቡም ሕጉን ሲያውቅ ያን ጊዜ ግንቡ በር ይከፈትለታል።