ሌባው «ሌባ! ሌባ!» ሲል

ሌባ ወደ ሰው ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው። ባለቤቱ እስኪተኛ ይጠብቃል፤ ውሻ እንዳይጮኽበት በጥንቃቄ ይራመዳል። በዘመናችን ግን «ቤታችሁ ሌባ ገብቷልና በሩን ክፈቱልኝ፤ እኔ ላስወጣላችሁ» እያለ በጩኸት የሚመጣ ሌላ ዓይነት ሌባ ተነሥቷል። የሚመጣውም በኮምፒዩተር በኩል ሲሆን፣ መሣሪያው ሐሰተኛ የፀረ ቫይረስ ማስጠንቀቂያ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በጅቡቲ ከተማ፣ በዋራበሌ ሰፈር፣ በአንድ ኮምፒዩተር በጋራ የሚጠቀም ቤተሰብ አለ እንበል። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ደረቁ የበረሃ ነፋስ አቧራውን በየቀዳዳው ያስገባል፤ የቀኑም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ልጅቱ ለትምህርቷ የሚረዳ ጽሑፍ ስትፈልግ የከፈተችው ድረ ገጽ በድንገት ይጠፋና ቀይ ማስታወቂያ መላውን ገጽ ይሸፍነዋል። ደወል ያንባርቃል። በፈረንሳይኛ የተጻፈው መልእክት ኮምፒዩተሩ በአምስት ቫይረሶች መያዙን፣ ፎቶግራፎችና የባንክ ምስጢሮች በመሰረቅ ላይ መሆናቸውን ይገልጻል። ከሥሩ የስልክ ቁጥርና «አሁኑኑ አጽዳ» የሚል ቁልፍ ይታያል፤ ከጎኑም ወደ ኋላ የሚቈጥር ሰዓት አለ። ኮምፒዩተሩ ከሰሞኑ ፍጥነቱ ቀንሶ፣ ማራገቢያው እየጮኸ ሰንብቷልና እናትየው «እኔስ ጠርጥሬ ነበር» ይላሉ።

የእናትየው ጥርጣሬ መሠረት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ የኮምፒዩተር ሁሉ ዝግታ ከቫይረስ የሚመጣ አይደለም። ሙቀት ሲበዛበት መሣሪያው ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አቧራ ማራገቢያውን ሲዘጋው ደግሞ ጩኸቱ ይብሳል። ማከማቻው ሞልቶም ሊሆን ይችላል። አታላዩ ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም። ማስታወቂያውን ለሚሊዮኖች ሲበትን ከእነዚህ መካከል ኮምፒዩተሩ የዘገየበት ሰው እንደማይታጣ ግን ያውቃል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች አጥብቀው ሊይዙት የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። አንድ ድረ ገጽ ስለተከፈተ ብቻ የኮምፒዩተሩን ማከማቻ መርምሮ ቫይረስ ሊያገኝ አይችልም። ሊያውቅ የሚችለው የብራውዘሩን ዓይነት፣ የመሣሪያውን ስልትና በግምት የሚገኝበትን አገር የመሳሰለውን ነው። «ጅቡቲ» የሚለውን ስም በማስጠንቀቂያው ላይ ጽፎ የሚያስደነግጠውም ከዚሁ ተነሥቶ ነው። ከ1 እስከ 100 ሲቈጥር የምናየው «ምርመራ» ደግሞ አስቀድሞ የተሣለ ሥዕል እንጂ ምርመራ አይደለም።

ይህ ተንኰል አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ኤድስ በሽታ መረጃ ይሰጣሉ የተባሉ 20,000 ያህል ዲስኬቶች በፖስታ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተልከው ነበር። ዲስኬቱን የተጠቀሙ ሰዎች ኮምፒዩተራቸውን ደጋግመው ከከፈቱ በኋላ የፋይሎቻቸው ስም ተለዋውጦ አገኙት፤ 189 ዶላርም በፓናማ ወደሚገኝ የፖስታ ሣጥን እንዲልኩ ታዘዙ። ከዚያ ወዲህ አታላዮቹ በሽታውን ሳያስገቡ እንኳ መድኃኒቱን መሸጥ እንደሚቻል ተረዱ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ክስ የመሠረተባቸው ሰዎች በሐሰተኛ ምርመራ እያስፈራሩ ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች የማይረባ ፕሮግራም ሸጠው ነበር። የፕሮግራሙ ዋጋ 40 ዶላር ገደማና ከዚያም በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርድ ቤቱ ከተከሳሾቹ በአንዷ ላይ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንድትከፍል ወሰነ። ያም ሆኖ ንግዱ አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ይኸው ኮሚሽን በተመሳሳይ ማስፈራሪያ ከሰሳቸው ሁለት ኩባንያዎች 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል።

«የሚታለለው ያልተማረ ሰው ነው» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አስተያየት አልስማማም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 ይኸው ዓይነት ማስጠንቀቂያ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ ነበር፤ አታላዮቹ የታወቀ የስልክ ኩባንያ መስለው የማስታወቂያ ቦታ በመግዛታቸው ነው። ያን ጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች መሃይማን ነበሩ ሊባል አይችልም። ሰውን የሚያስታው ድንጋጤው ነው፤ የተማረም ሰው ይደነግጣል። እንዲያውም የንቀት አስተያየት ጉዳቱን ያብሰዋል። ቍጣን የሚፈራ ልጅ ማስጠንቀቂያውን ሲያይ ወላጆቹን አይጠራም፤ ብቻውን ሊጨርሰው ይሞክራል፤ የአባቱን የባንክ ካርድ ቍጥር የሚያስገባው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ ከሚገዛው ፀረ ቫይረስ ሁሉ በፊት ልጁ ሳይፈራ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ሁኔታ ሊኖር ይገባል።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት መልእክቱ ምን እንደሚጠይቅ መመልከት በቂ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የሚባል የራሳቸው ፀረ ቫይረስ ከነመሣሪያቸው አላቸው። እርሱ አደጋ ሲያገኝ ይናገራል እንጂ ስልክ ደውሉልኝ፣ ካርድ ግዙልኝ፣ ከሩቅ ኮምፒዩተራችሁን ልያዘው አይልም። የሚጠይቅ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ በላዩ ላይ ያለ ማናቸውም ቁልፍ፣ «ዝጋ» የሚለውም ቢሆን፣ አይነካም። ብራውዘሩ ራሱ ይዘጋል፤ እምቢ ካለ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፤ ሲከፈትም የቀድሞው ገጽ ተመልሶ እንዲመጣ አይፈቀድለትም። ማስጠንቀቂያው በየቀኑ በገጹ ጥግ ብቅ የሚል ከሆነ ምናልባት ከዚህ በፊት አንድ ድረ ገጽ «ማሳወቂያ ልላክልህ?» ብሎ ጠይቆ «ፍቀድ» ተብሎለት ይሆናል። ፈቃዱ በብራውዘሩ ማስተካከያ ውስጥ ሲሰረዝ ጩኸቱም ይቆማል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ግን፣ አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው እውነተኛውንም ምልክት እስከ መናቅ ወይም ሁሉንም እስከ መፍራት ይደርሳል። በእውነት የሚያሳስቡ ምልክቶች አሉ፦ ፀረ ቫይረሱ በራሱ ጠፍቶ አልበራም ሲል፣ ያልላክነው መልእክት ከእኛ ስም ወደ ወዳጆቻችን ሲሄድ፣ ፋይሎች ስማቸው ተለውጦ አልከፈትም ሲሉ። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ማለያየት ይቀድማል። ቀጥሎ የይለፍ ቃሎችን በሌላ ንጹሕ መሣሪያ መለወጥ፣ ከዚያም ሙሉ ምርመራ ማድረግ ነው። ዲፌንደር ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚያካሂደው ልዩ ምርመራም አለው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለአታላዩ ኮምፒዩተሩን ከሩቅ እንዲይዝ የፈቀደ ወይም የካርድ ቍጥር የሰጠ ሰው ግን አስቀድሞ ለባንኩ ያሳውቅ።

ከኢትዮጵያ የሚወጣው የኢንተርኔት መስመር ከባሕር ገመድ ጋር ከሚገናኝባቸው ዋና በሮች አንዱ ጅቡቲ ናትና፣ ጅቡቲ የደረሰ ማታለያ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። በአገራችን ደግሞ ሁለት ልማዶች ይረዱታል። አንደኛው የተሰበረ ቍልፍ ያለው ፕሮግራም በነፃ ለመጫን ሲባል ፀረ ቫይረሱን ማጥፋት ነው፤ ዘበኛውን አስተኝቶ በር እንደ መክፈት ይቈጠራል። ሁለተኛው በትንሽ በትልቁ ኮምፒዩተሩን ወደ ጥገና ሱቅ ወስዶ «ፎርማት» ማስደረግ ነው። ብልኀተኛ ባለሙያ አስቀድሞ ፋይሉን ያወጣል፤ ሁሉም ግን እንዲህ አያደርግም፤ አታላዩ ሊሰርቀው ያልቻለው የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ ፎቶግራፍ በጥገናው ይጠፋል። የአስፈላጊ ፋይሎች ግልባጭ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ላይ ቢኖር ግን ቫይረሱም ሆነ ፎርማቱ አይደርስበትም።

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትንም ሆነ በኮምፒዩተር አማካይነት ማታለልን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። አዋጁ በተግባር እንዲሠራ ግን የተበዳዩ ማመልከት ይረዳል። ብዙዎች አፍረው ዝም ይላሉ፤ ወይም ገጹን ዘግተው ማስረጃውን ያጠፋሉ። ቀዩ ማስታወቂያ በታየ ጊዜ ከመዝጋት በፊት በሞባይል ስልክ አንድ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ከላይ የተጻፈው የድረ ገጹ አድራሻና የስልክ ቁጥሩም በፎቶግራፉ ውስጥ እንዲታዩ ማድረግ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።