እሱ ሄደ፤ እናንተ ለምን ተኳረፋችሁ?

ሰሞኑን አንድ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ከወደ ከሚሴ ደብዳቤ ልኮልኛል። አቡበከር ናስር በ2013 የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲዛወር፣ ሻይ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሣ። አብሮ አደጉ «ይቅናው፣ እንጀራው ነው!» ሲል እሱ «ከሃዲ!» ብሎ ሰደበው። እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ? እኔም ያኔ አንጀቴ አሮ ነበር። ግን አንተ ራስህ ለተሻለ ደመወዝ ከሚሴን ትተህ ኮምቦልቻ እንደገባህ ጽፈህልኛል። ጓደኛህ ያን ጊዜ «ከዳኸኝ» አለህ? ሻንጣህን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘህ እንጂ! ክለብ በክረምት ሌላ አጥቂ ያስፈርማል፤ አብሮ አደግ ግን ከየት ይፈረማል? ለዒድ ስትመለስ መጀመሪያ የእሱን በር አንኳኳ።