ከባሕር ጥልቀት ወደ ደጋ ለሚመለስ ሰው ስለሚገባው ጥንቃቄ

መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ ስንቁንና ባልንጀራውን ያዘጋጃል፤ መመለሻውን የሚያስበው ግን ብዙውን ጊዜ ኋላ ነው። በሌላ ጕዞ ይህ ልማድ የሚጎዳው ገንዘብን ነው፤ ወደ ባሕር ጥልቀት ለሚወርድ ሰው ግን አካልን የሚያሰናክል፥ አንዳንድ ጊዜም ሕይወትን የሚያሳጣ ነው።

በዛሬው ዘመን የታመቀ አየር በጀርባ ተሸክሞ ወደ ባሕር መጥለቅ የባሕር ኃይል ወታደር ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ለእኛም ባሕሩ ሩቅ አይደለም። በጅቡቲ ጠረፍ፥ በባብ ኤል መንደብ አጠገብ፥ ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ስማቸው ሰባት ቢልም ደሴቶቹ ስድስት ናቸው፥ ሰባተኛው ከየብስ ጋር የተያያዘው ራስ ሲያን ነው። ከእሳተ ገሞራ የተገኙ ቋጥኞች ናቸውና ከውሃ በታች ያለውን ገደላቸውን ለማየት ጠላቂዎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ነገር ግን ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኙበት ጠባብ በር ስለ ሆነ የውሃው ጅረት ብርቱ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚያስብ ሰው የመጥለቅን ትምህርት ፈጽሞ ምስክር ወረቀት መያዝ፥ አገሩን የሚያውቅ መሪና ከጎኑ የማይለይ ጓደኛ ማግኘት፥ የነፋሱንና የጅረቱን ወራት ጠይቆ መረዳት ይገባዋል። ይህን አስተማሪዎች ሁሉ ይናገሩታል። እኛ በተለይ ልናሳስብ የምንወደው ከውሃው ከተወጣ በኋላ ስላለው ሰዓት ነው።

ሰው 10 ሜትር ሲጠልቅ በላዩ ያለው ግፊት እጥፍ ይሆናል፤ 30 ሜትር ቢደርስ አራት እጥፍ ነው። በዚህም ግፊት በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ደምና ወደ ሥጋ ይሰርጋል። ጠላቂው ቀስ ብሎ ሲወጣ በትንፋሽ ይለቀዋል፤ ቢቸኩል ግን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋ እንደሚነሣ፥ በሰውነቱም እንዲሁ ይሆናል። ከዚህም የመገጣጠሚያ ሕመም፥ መደንዘዝ፥ ሽባነትም ይመጣል። ሆልዴን የተባለው የብሪታንያ ሊቅ ይህን በፍየሎች መርምሮ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1908 ዓመት ጠላቂ በየደረጃው እየቆመ የሚወጣበትን ሠንጠረዥ አሳተመ።

ይሁን እንጂ ጠላቂው ከውሃ ሲወጣ ናይትሮጅኑ ሁሉ አብሮ አይወጣም፤ ለብዙ ሰዓት ይቈያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ ወይም ብዙ ቀን የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቈይ በአውሮፕላን እንዳይሄድ የሙያው ሊቃውንት ይመክራሉ፤ በየደረጃው መቆምን ግድ የሚል ጥልቀት የወረደ ደግሞ ከዚያ አብልጦ መቈየት አለበት።

«እኔ በባቡር እመለሳለሁ፥ አውሮፕላን አልሳፈርም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጡ የሚጠበቀው ቢበዛ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አየር ልክ ነው፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ድሬዳዋ እንኳ ከ1,000 ሜትር ታልፋለች። ታዲያ በባቡርም ሆነ በመኪና ወደ ደጋ የወጣ ሰው፥ ለሰውነቱ በአውሮፕላን እንደ በረረ ነው። ይልቁንም አውሮፕላን ከሰዓታት በኋላ ይወርዳል፤ ደገኛው ግን በከፍታው ላይ ያድራል።

ስለዚህ የጕዞው አሳብ ከመመለሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቈጠር። ሰኞ በቀትር ለሚነሣ ሰው የመጨረሻው መጥለቅ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መፈጸም አለበት፤ ሙሉ ቀን ቢያርፍ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ፈቃድ የሚሰጡ ሹማምንትም ይህን የዕረፍት ቀን እንደ ስንፍና ቈጥረው እንዳይቀንሱት፥ ወጣቶችን የሚመክሩ አባቶችም አስበው እንዲያሳስቧቸው እንለምናለን። ከተመለሰ በኋላ ጕልበቱን የሚያመው ወይም እጁ የሚደነዝዘው ሰው ቢኖር፥ የመንገድ ድካም ነው ብሎ ሳይተኛ ፈጥኖ ለሐኪም መጥለቁን ይንገር።

ለአንድ ቀን መዘግየት የሚከፈለው የአንድ ሌሊት ኪራይ ነው፤ ለመቸኰል የሚከፈለው ግን ዕድሜ ልክ ላይመለስ ይችላል።