ላለመስማማት መስማማትም ዋስ ይፈልጋል

“ላለመስማማት መስማማት” የምትለው አባባል በፖለቲከኞቻችን አንደበት ከገባች ቆየች። ክርክሩ ሲከርና ሰዓቱ ሲያልቅ አንዱ “እንግዲህ ላለመስማማት ተስማምተናል” ብሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ይነሳል። በጨዋ ቋንቋ “ከአንተ ጋር ጨርሻለሁ” ማለቱ ነው። እኔ ግን አባባሏ ያለ ቦታዋ እየዋለች ነው ባይ ነኝ።

አባባሏ ከእንግሊዝኛ የመጣች ናት። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1770 ለጆርጅ ዋይትፊልድ ባደረገው የመታሰቢያ ስብከት ተጠቅሞባታል። ሁለቱ ሰባኪዎች “የሚድነው ሰው አስቀድሞ ተወስኗል ወይስ አልተወሰነም?” በሚለው ጉዳይ የከረረ ልዩነት ነበራቸው። የዌስሊ መልእክት “ዋና ባልሆነው ብንለያይም ዋናውን አጥብቀን እንያዝ” የሚል ነበር። እኛ የወሰድነው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ሙሉውን ያየሁት ጋይንት ነው። በ1980ዎቹ፣ ገና የሕግ ተማሪ ሳለሁ፣ ነፋስ መውጫ አካባቢ ሁለት ወንድማማቾች በወሰን ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ተለፋ፤ እርቅ ግን አልወረደም። ሽማግሌዎቹ እንዲሁ አልተበተኑም። “እሺ ልጆቼ፣ አልታረቃችሁም። የተጣላችሁበት ከየት እስከ የት ነው?” ብለው ድንበሩን አስመሩ። ከዚያ ያቺ ቁራሽ መሬት ፍርድ ቤት እስኪወስን ጾሟን እንድታድር፣ ከብት እንዳይለቀቅባት፣ አንዱ የሌላው ለቅሶ እንዳይቀር፣ እጅም እንዳይነሳ ቃል አስገቡ። ከሁለቱም ዋስ ተቀበሉ። የስማዳም ሆነ የእስቴ ሰው በዚህ የሚገረም አይመስለኝም።

ማን እንደረታ ረስቼዋለሁ። ደም አለመፍሰሱን ግን አልረሳሁም።

በኋላ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጭብጥ ስለመመሥረት ስማር ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ጭብጥ ማለት አንዱ ወገን አለ የሚለው፣ ሌላው የሚክደው ፍሬ ነገር ነው። ተከራካሪዎች በምን እንደማይስማሙ ሳይለይ ዳኝነት የለም።

መስከረም 1998 ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎቹ ከምርጫው በኋላ የጀመሩት ንግግር ሲፈርስ የጎደለው ይኸው ይመስለኛል። ልዩነቱ እስኪዳኝ የማይነካው ነገር አልተለየም፤ ዋስም አልነበረም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተከሰተው ሁከት 193 ሲቪሎች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽን ለፓርላማ አቅርቧል።

በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ማሰባሰቡ ጭብጥ እንደመያዝ ነው፤ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ጭብጥ መያዝ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ውጊያ የገባበት የአማራ ክልል ገበሬ ሌላውን ግማሽ ነው የሚጠይቀው፦ እናንተ እስክትስማሙ የእኔ ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው እንዳይነካ ዋሱ ማን ነው? ለዚህ መልስ ሳይሰጥ “ላለመስማማት ተስማማን” የሚል ሁሉ፣ በእኔ እምነት፣ ገና በምንም አልተስማማም።