ቀጋና ጽጌረዳ

ባለፈው ሰሞን እዚህ መርጡለ ማርያም አንድ ተማሪያችን ሁለት አበባ ይዞልን መጣ። አንዱ ከአጥራቸው የተቀጠፈ ቀጋ፣ ሌላው እናቱ ከጓሮ የተከሉት ቀይ ጽጌረዳ ነው። «መምህር፣ አባቴ ቀጋውን መንጥረን ጽጌረዳ እንትከልበት ይላሉ። ሁለቱ ዘመድ ናቸው ይባላል፤ ታዲያ የዚህኛው ቅጠል ለምን በዛ?» አለን።

ዝምድናው እውነት ነው፤ ቀጋ በደጋችን በዱር የሚበቅል የጽጌረዳ ዓይነት ነው። ቀሪውን ከመመለሳችን በፊት አስቆጠርነው። ቀጋው አምስት ነጫጭ ቅጠሎች፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ብዙ ቢጫ ወንዴዎች አሉት። ጽጌረዳውን ሠላሳ ላይ ስንደርስ ተውነው። ወደ መሐሉ ስንገልጠው ግን አንድ ጠባብ ቀይ ቅጠል አገኘን፤ ጫፉ ላይ ቢጫ የዱቄት ከረጢት ቀርቶበታል። ግማሹ ቅጠል፣ ግማሹ ወንዴ! መልሱ እዚያው ነበር።

አበባው ገና በእምቡጥ ሳለ «እዚህ ወንዴ ይብቀል» ብለው የሚያዙ ጂኖች አሉ። ትእዛዙ ሲደክም ወንዴ ሊሆን የነበረው ቅጠል ሆኖ ያድጋል። ይህን አሠራር ኤንሪኮ ኮኤንና ኤልዮት ማየሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1991 አብራርተውታል። አበባው ግን ጥንታዊ ነው፤ ግሪካዊው ቴዎፍራስቶስ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ባለ መቶ ቅጠል ስለሚባል ጽጌረዳ ጽፏል። ሰው እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ቅርንጫፉን እየቆረጠ በመትከል አበዛው፤ ከዘር የበቀለው እናቱን ላይመስል ይችላልና።

በውጭ አገር ዴይሊሊ የሚባለውን፣ እያንዳንዱ አበባው አንድ ቀን ብቻ የሚፈካውን ተክል በየጓሯቸው የሚያዳቅሉ ሰዎችም ይህ ያጋጥማቸዋል። ባለ ስድስት ቅጠሉ አበባ አንዳንዴ ስምንት ያወጣል፤ ያው ተክል በማግስቱ በስድስት ይፈካል። ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ነው።

«ታዲያ ጉድለት ነው?» አለ ልጁ። ለዐይን አይደለም። ለንብ ግን ነው፤ ንብ ከጽጌረዳ የምትሻው ዱቄቱን ነው፣ ወንዴው ቅጠል ከሆነ ምን ይዛ ትሄዳለች? አባትየው ደግሞ ሦስት ቀፎ አላቸው።

ልጁ ሄዶ ቢነግራቸው አላመኑም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ራሳቸው ቆመው አዩ፤ ቀጋው በንብ ይተራመሳል፣ ጽጌረዳው ላይ አንዲት አርፋ ወዲያው ተነሳች። አሁን ጽጌረዳው በደጁ በኩል ሊተከል ነው። ቀጋውን ማን እንደሚከረክመው ግን ገና አልተስማሙም፤ እሾሁ ክፉ ነው።