ባለሙያ ጠፋ ወይስ ሥልጣን ተነፈገ?

የምግብ ፋብሪካ ባለቤቶች ዘወትር የሚያሰሙት ስሞታ አለ፤ «ብቁ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ጠፋ» የሚል። ይሁንና ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማና ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከምግብ ሳይንስና ምህንድስና ጋር በተያያዙ ሙያዎች ለዓመታት ሲያስመርቁ ኖረዋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ታዲያ ተመራቂው ሁሉ ወዴት ገባ?

ነገሩን በወተት እንመልከተው። ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ በየካፌው ማኪያቶ ለሚጠጣ አንባቢ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ለአዲስ አበባ የሚቀርበውን ወተት የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ በ110 ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ 29ኙ ከ0.5 በላይ ሆነው ተገኝተዋል። መርዙ ከሻገተ መኖ፣ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ፣ ወደ ላሟ፣ ከላሟም ወደ ወተቱ ይተላለፋል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። ላክቶሜትርም ውኃ መቀላቀሉን ይጠቁም እንደሆነ እንጂ መርዙን አያሳይም። ስለዚህ በፋብሪካው በር ላይ መርምሮ «ይህ ወተት አይገባም» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሰው ማን ነው? በብዙ ፋብሪካ፣ በአነስተኛ ደመወዝ የተቀጠረና በምርት ክፍል ኃላፊው ሥር የተቀመጠ ወጣት ነው። ኃላፊው የሚመዘነው ባመረተው ሊትር ነው፤ ወጣቱ የሚመዘነው ደግሞ ኃላፊውን ባለማስቆጣቱ። እንግዲህ አንድ ቦቴ ወተት የመለሰ ዕለት ከእንጀራው ጋር ይፋጠጣል። ባለቤቱ የሚሻው ፊርማውን እንጂ ፍርዱን አይደለም። ብልኅ የሆነው ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ የቀረው መፈረም ይለምዳል። ከዚያ በኋላ «ብቁ ሰው ጠፋ» ይባላል።

ተመራቂው መሣሪያውን በቅጡ ሳይነካ እንደሚወጣ እውነት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ማረም አለባቸው። ነገር ግን የእጅ ልምድ በወራት ይገኛል። «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ግን በየትኛውም ቤተ ሙከራ አይሰጥም።

መንግሥት ይህን መርህ ያውቀዋል። የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. በአራት የተከፈለው ደረጃ አውጪው፣ መርማሪውና የመርማሪው መርማሪ አንድ እንዳይሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. የጥራት መንደር ተመርቋል። በፋብሪካው አጥር ውስጥ ግን ተመርማሪው ዛሬም የመርማሪው አለቃ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መልካም የአመራረት ሥርዓት በመድኃኒት ፋብሪካ የምርትና የጥራት ኃላፊዎች አንዱ ከሌላው ነፃ እንዲሆኑ ያዛል። ወተትና የሕፃናት ምግብስ ለምን ያንሳሉ? የጥራት ኃላፊው ተጠሪነት በቀጥታ ለባለቤቱ ወይም ለቦርዱ ይሁን። ሲሰናበትም ፋብሪካው ምክንያቱን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ ይኑርበት። አነስተኛ ፋብሪካ የራሱን ቤተ ሙከራ ማቋቋም ቢያቅተው፣ ናሙናውን ወደ ሌላ ልኮ ማስመርመር ይችላል። የተበላሸውን ምርት የማስቆም ሥልጣን ለመስጠት ግን ምንም ካፒታል አያስፈልገውም።

ቁጥጥር ያለ ነፃነት ጌጥ ነው። ይህን በፍርድ ቤትም፣ በኦዲትም፣ በጋዜጣም ስንለው ኖረናል፤ በወተት ፋብሪካም እውነቱ ያው ነው።