ሕክምናው ወደ ልጁ ወይስ ልጁ ወደ ሕክምናው?

ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበት የሰባት ዓመት ልጅ፣ ቤተሰቡ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖር ከሆነ፣ የት ክትትል ይደረግለት? ሕፃናትን የሚያክሙ ባለሙያዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ይለያያሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት በሥራቸው ካዩት ተነስተው ስለሆነ፣ ፈጥኖ ለአንዱ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም።

አንደኛው ወገን ልጁ የሆርሞን ስፔሻሊስት ባለበት፣ ለምሳሌ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ይታይ ይላል። ምክንያቱ ጠንካራ ነው። የልጅ የኢንሱሊን መጠን በክብደቱ ይሰላል፤ ክብደቱ ደግሞ እያደር ይጨምራል። ጉርምስና ሲጀምር ሰውነቱ ለኢንሱሊን እምብዛም ስለማይታዘዝ የትናንቱ መጠን አይበቃም። በጣም ትንሽ ልጅ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ ‹‹አንቀጠቀጠኝ›› ብሎ መናገር ስለማይችል፣ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሲያንፈራግጠው ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ አመዛዝኖ መጠን የሚያስተካክል ሐኪም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በናይሮቢ ለአፍሪካ የሕፃናት ሆርሞን ሐኪሞች ማሠልጠኛ የተከፈተውም እጥረቱ የአህጉሩ ሁሉ ስለነበረ ነው። ያሉትን ጥቂቶች በየቦታው መበተን አገልግሎቱን ያሳሳዋል የሚለው ስጋት በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ይሁንና የዚህን አሠራር ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው፤ መሳፈሪያ፣ ማደሪያ፣ የቀረ ሥራ፣ ለጎረቤት አደራ የተተዉ ታናናሾች። ለመጀመሪያው ቀጠሮ በሬ ሸጦ የመጣ አባት ለሦስተኛው ላይመጣ ይችላል። ኢንሱሊን የተቋረጠበት ልጅ ደግሞ በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ ደሙ አሲድ በዝቶበት ራሱን ሊስት ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ግን ጭራሽ ቀጠሮ የማይያዝላቸው ናቸው። የሚጠማው፣ ሽንት የሚያበዛ፣ የከሳ፣ የሚያስመልሰውና በኃይል የሚተነፍስ ልጅ በወባ፣ በሳንባ ምች ወይም በማጅራት ገትር ስም ሊታከም ይችላል። ከጣት በተወሰደች አንዲት ጠብታ ደም በሽታውን መጠርጠር ይቻል ነበር፤ የስኳር መለኪያውና መመርመሪያ ወረቀቱ (ስትሪፑ) እዚያው ጤና ጣቢያ ካለ፣ ስኳር የትልልቅ ሰዎች በሽታ ብቻ ነው ተብሎም ካልታለፈ። አዲስ አበባ ያለው ስፔሻሊስት የቱንም ያህል ቢያውቅ ለዚህ ልጅ አይደርስለትም።

ሁለተኛው ወገን ስለዚህ ሕክምናው ወደ ሕሙማኑ ይቅረብ ይላል፤ የሚያሳየውም ልምድ አለው። በጎንደርና በጅማ አካባቢ፣ ከእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ከተማ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር፣ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያዎች የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማንን ሲከታተሉ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች ሎሜ ላይ የተቀበሉት ‹ፔን ፕላስ› የተሰኘ ስትራቴጂም ዓይነት 1 ስኳርን የመሰሉ ከባድ ሕመሞች በወረዳ ደረጃ ባሉ ሆስፒታሎች እንዲታከሙ ይጠይቃል።

በዚህም በኩል ግን ጥንቃቄ ያሻል። የጎንደርና የጅማው ልምድ በአመዛኙ ከሕፃናት የተገኘ አይደለም። የሠለጠነችው ነርስ ስትዛወር እውቀቱ አብሯት ሊሄድ ይችላል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ሲኖርበት መብራት ይጠፋል። ኢንሱሊን ኖሮ ስትሪፕ ከሌለ ደግሞ መጠኑ በግምት ይሰጣል፤ ይህ ለልጅ አደገኛ ነው።

ስኳር ብቻውንም አይደለም፤ እያንዳንዱ የሆርሞን ሕመም የየራሱን መልስ ይፈልጋል። ታይሮይድ እጢው ሳይሠራ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክኒን ከጀመረ አእምሮው ሊተርፍለት ይችላል። ሕመሙን በጊዜ ለማወቅ ከተረከዙ ደም መውሰድ በየማዋለጃው ሊሠራ ይችላል፤ ምርመራው ግን አንድ ማዕከል ላይ ቢሰበሰብ ይሻላል። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች በትውልድ የታወኩበት ሕፃን ጉዳይ ይበልጥ ውስብስብ ነው። ጨው ከሰውነቱ ሲያልቅ በተቅማጥ ወይም በኢንፌክሽን ሊሳሳት ይችላል፤ የመድኃኒቱ መጠን ሲበዛ ደግሞ ቁመቱን ይገታል። በዚህኛው ላይ ወደ አንደኛው ወገን አደላለሁ፤ ስፔሻሊስት ሳያየው መቀጠል የለበትም።

ለስኳር ግን መካከለኛውን መንገድ የምመርጥ ይመስለኛል። መለየትና የመጀመሪያው አስቸኳይ ሕክምና በቅርቡ ሆስፒታል ይሁን፤ መጠን ማስተካከልና ቤተሰብን ማሠልጠን ስፔሻሊስቱ ጋ፤ የየወሩ ክትትል ተመልሶ በቅርብ፣ ነርሷ የምትደውልለት ሐኪም ኖሯት። ስፔሻሊስቱ ልጁን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢያየው ለብዙዎቹ ሊበቃ ይችላል። ልጁ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል የሚዛወረው ግን ኢንሱሊንና ስትሪፕ ሳይቋረጥ መቅረቡና ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች መኖራቸው ሲረጋገጥ ይሁን። ይህ ባልተሟላበት ወረዳ የአዲስ አበባው ጉዞ ለጊዜው መቀጠሉ አይቀርም፤ እስከዚያው የልጁንና የአንድ አስታማሚውን መሳፈሪያ የጤና በጀቱ ቢሸፍን ሁለቱም ወገኖች የሚቃወሙት አይመስለኝም።